ማስቲሹን የሚመርጠው ማን ነው?

(ጅማ ውስጥ ለአናጺዎች፣ ለፊኒሺንግ ባለሙያዎች፣ ለኮንስትራክሽን ተማሪዎችና ቤት ለሚያሠሩ ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት። የደጋገምኩትን አልቀነስኩም።)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ? በዚህ ዝናብ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በሩ አጠገብ የቆማችሁ ልጆች ግቡ፤ ፊት ለፊት ወንበር አለ። አባቶች፣ እናቶች፣ እናንተም ቀረብ በሉ።

በጥያቄ ልጀምር። ቤት ያሠራችሁ፣ ወይም አሁን እያሠራችሁ ያላችሁ፣ እስቲ እጃችሁን አንሱ። ጥሩ፣ ብዙ ናችሁ። ብሎኬቱን ማን መረጠ? እናንተ። ቆርቆሮውንስ? እናንተ። ሴራሚኩን ለመምረጥ ስንት ሱቅ ዞራችሁ? ስለ ሳሎኑ ቀለም ስንት ቀን ተከራከራችሁ? እሺ። ማስቲሹን ማን መረጠ?

ዝም አላችሁ። ልንገራችሁ። ማስቲሹን የመረጠው ሱቅ የተላከው ልጅ ነው። አናጺው «ሂድ፣ አንድ ጋሎን ማስቲሽ አምጣ» አለው። ልጁ ሄደ። ባለሱቁ ከመደርደሪያው እጁ የደረሰበትን አነሳለት። በቃ። ቤተሰባችሁ ለወራት የሚተነፍሰው አየር በዚህ መንገድ ተወሰነ።

እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህ እንዲቀር ለመለመን ነው። ማጣበቂያና ማሸጊያ እንደ ሲሚንቶው፣ እንደ ብረቱ፣ አስቀድሞ ይመረጥ። በወረቀት ይመረጥ። ባለቤቱና ባለሙያው ተነጋግረው ይመረጥ። ሌላው የምናገረው ሁሉ እዚህ ላይ የሚያርፍ ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው፣ ከጣሳው ውስጥ የሚወጣው ምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ለየትኛው ሥራ የትኛውን እንምረጥ? ሦስተኛው፣ ውሉ ላይ ምን እንጻፍ? አንደኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ቢጫውን ማስቲሽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፎርማይካ ይለጠፍበታል፣ ምንጣፍ ይጣበቅበታል፣ ሶፋ ሠሪው ስፖንጅ ያያይዝበታል። ጣሳው ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ግን ሙጫ አይደለም። ሙጫው ጎማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኒዮፕሪን የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ። ጎማው በብሩሽ መቀባት እንዲችል ቶሉይን፣ ሄክሴን፣ አሴቶን በመሳሰሉ ቶሎ የሚተኑ ፈሳሾች ይሟሟል። ሁለቱን ፊት ቀብተን ጥቂት ደቂቃ እንጠብቃለን አይደል? በጣታችን ነካ እናደርግና «ደርቋል» እንላለን። ያ ፈሳሽ የት ሄደ? የትም አልጠፋም። ከጣሳው ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው። አሁን እየተነፈስነው ነው።

ይህን ሽታ ከማንም በላይ የሚያውቁት ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች ናቸው። በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው የሚስቡት ይህንኑ ማስቲሽ ነው። ረሃቡንና ብርዱን እንዲያስረሳቸው ብለው። ስናያቸው አንጀታችን ይላወሳል። «ይሄ ልጅ አእምሮውን ጨረሰ» እንላለን። እውነት ነው፤ ቶሉይን አእምሮን ይጎዳል። ታዲያ ያንኑ ፈሳሽ በጋሎን ገዝተን በልጆቻችን መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ስንቀባ ለምን አንደነግጥም? መጠኑ እንደሚለያይ አውቃለሁ። ያ ልጅ አፍንጫው ላይ ደፍኖ ነው የሚስበው። ፈሳሹ ግን ያው ፈሳሽ ነው። አናጺው ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚስበው።

አናጺዎች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። አንድ ወርክሾፕ አዘውትሬ እሄድ ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይረጫል፣ እንጨቱ ይርሳል፣ ስለዚህ በሩን ይዘጉታል። በሩን ዘግተው ፎርማይካ ይለጥፋሉ። እዚያ የሚሠራ አንድ ለማጅ ልጅ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ። ጠዋት ይጫወታል፣ ይስቃል። ከሰዓት በኋላ ይፈዛል። ማታ ራሱን ያመዋል፣ ምግብ አይበላለትም። ቤተሰቦቹ ቡዳ ነው፣ ምቀኛ ነው ሲሉ ጠበል ሊወስዱት ነበር። ባለወርክሾፑን «ጋሼ፣ ማጣበቁን በረንዳው ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር አድርጉት፤ ልጁንም ሁልጊዜ እዚያ ሥራ ላይ አታውሉት» አልኳቸው። መጀመሪያ አቧራ ይይዝብናል ብለው አንገራገሩ። በኋላ ተስማሙ። ልጁ ተሻለው። ዛሬ የራሱ ሥራ አለው።

ሁሉም እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በየቤታቸው የፕላስቲክ ጫማ የሚያጣብቁ ሰዎች እጅና እግራቸው ይደነዝዝ ጀመር። አንዳንዶቹ መራመድ አቃታቸው። ምክንያቱ ማጣበቂያው ውስጥ የነበረው ሄክሴን ነው፤ ነርቭ ይጎዳል። በየቤታቸው፣ በር ዘግተው ነበር የሚሠሩት። በር ዘግተው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ማስቲሹ ሲወፍር ቤንዚን የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉት። መኪና በሚነዳበት ቤንዚን ውስጥ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ፣ በስም የሚመሳሰለው ሌላ ኬሚካል (በእንግሊዝኛ benzene) አለ። እሳቱም አለ። የእነዚህ ፈሳሾች ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ይሄዳል። ጥግ ላይ ቡና የተጣደበት ከሰል ካለ እዚያ ድረስ ሄዶ ሊቀጣጠል ይችላል። ማስቲሽ በሚቀባበት ክፍል ቡና አይፈላም። ይህን በጅማ ቋንቋ፣ ቡና በሚወድ ሰው አፍ ነው የምነግራችሁ።

እስካሁን ያወራሁት ቶሎ ስለሚተነው ነው። ቀስ ብሎ የሚወጣ ደግሞ አለ። ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ የሚሠሩት የእንጨት ፍርፋሪ ወይም ስስ ጣውላ በሙጫ ተጨምቆ ነው። ብዙውን ጊዜ ሙጫው ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይጠነክራል። ግን ፎርማልዲሃይድ የሚባለውን ጋዝ ለወራት፣ ለዓመታትም ይለቃል። ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ውስጥ አየር ያስቀመጠው ጣሪያ በ1 ኪዩብ ሜትር አየር 0.1 ሚሊግራም ነው፤ በ30 ደቂቃ አማካይ ሲለካ።

ጅማ ላይ ይህ ነገር የሚብስበት ምክንያት አለ። ይህ ሙጫ ከእርጥበት ጋር አይስማማም። እርጥበትና ሙቀት ሲጨምር ሙጫው ይፈርሳል፣ ጋዙም ይበዛል። አውሮፓ ውስጥ ቺፑድ የሚፈተሸው እርጥበቱ 45 በመቶ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ክረምት ላይ የምንተነፍሰው አየር ስንት ይመስላችኋል? ጨው እንኳን ዕቃው ውስጥ ውሃ የሚሆንበት አገር ነው። ስለዚህ ፋብሪካው «ደረጃውን ያሟላል» ያለው ቺፑድ እኛ ቤት ሲገባ ፋብሪካው ከለካው በላይ ሊለቅ ይችላል።

አንድ አባት፣ ሐጂ ናቸው፣ ለልጃቸው ሠርግ ቤት አሠሩ። ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ቁም ሣጥኑ የተገጠመው ሐሙስ ነው። ታውቁታላችሁ የኛን ነገር። ወለሉም ተለጠፈ፣ ሲሊኮኑም ተነፋ፣ ሁሉም በሁለት ቀን። ሙሽሮቹ ገቡ። ከሳምንት በኋላ ሙሽራይቱ ዓይኗ እየቀላ፣ ራሷን እያመማት ሳሎን መተኛት ጀመረች። ሰፈሩ ሌላ ወሬ ጀመረ፤ ተጣሉ ተባለ። ሐጂ ጠርተውኝ ሄድኩ። የቁም ሣጥኑን መሳቢያ ስከፍተው እንባዬ መጣ። «ልጄ፣ አዲስ ዕቃ እኮ ይሸታል፤ ወጉ ነው» አሉኝ። «ሐጂ፣ ወጉ አይደለም» አልኳቸው። ከፊት ያማረ ፎርማይካ አለ። ከኋላ፣ ከሥር፣ መሳቢያው ውስጥ ግን ቺፑዱ ራቁቱን ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ክፍት ነው። ጋዙ ደግሞ በብዛት የሚወጣው በጠርዝ በኩል ነው። ቁም ሣጥኑን አስወጥተን በረንዳ ላይ አቆየነው። ጠርዙን በሙሉ በኤጂንግ፣ ጠርዝ ላይ በሚለጠፈው ስስ ጥብጣብ፣ ደፈንነው፣ ጀርባውን በውሃ በሚሟሟ ቫርኒሽ ደጋግመን ቀባነው። መስኮቱን ቀን ቀን ክፍት አደረግነው። ሳምንታት ፈጀ፤ ግን ሙሽሪት መኝታ ቤቷ ተመለሰች። ወሬውም ቆመ።

«ቁም ሣጥኑ ከወጣ በኋላም ክፍሉ ለምን ይሸታል?» ብለው ሐጂ ጠይቀውኝ ነበር። ለጅማ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ቡና ከነጭ ጋዝ አጠገብ የሚያስቀምጥ አለ? የለም። ቡና ሽታ እንደሚጠጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጋዙ ቢነሳም ቡናው ይሸታል። የቤታችን ጂፕሰም፣ መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ ምንጣፍ እንደዚሁ ነው። ከሙጫው የወጣውን ይጠጣል፣ በኋላ ቀስ እያለ መልሶ ይተፋል። ስለዚህ ፍራሽና መጋረጃ የሚገባው ማጣበቁ ካለቀና ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ነው።

አሁን አንድ ሰው በልቡ እንዲህ ይላል። «እኛ ከሰል እያቀጣጠልን፣ ዕጣን እያጨስን፣ አንቺ ስለ ሙጫ ታስፈራሪናለሽ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሰል በዝግ ቤት ከሙጫ በላይ አደገኛ ነው፤ ሰው ይገድላል። ከሰል ግን ታጠፊዋለሽ፣ ታወጪዋለሽ። ቺፑዱን ሌሊት አታጠፊውም። ሕፃኑ አጠገቡ ተኝቶ እያደረ ይለቃል። ደግሞ አንዱ መጥፎ ስለሆነ ሌላው መልካም አይሆንም።

አያቶቻችን የጭቃ ቤት ነበራቸው። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ነፋስ ይገባል፣ ይወጣል። ጅሬን የሚገኘውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የጎበኛችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ያ ሁሉ እንጨት። ዳግማዊ አባ ጅፋር የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ኒዮፕሪን የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ያ ቤት ያለ ማስቲሽ ነው የተሠራው። የጅማ በርጩማም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። ሙጫ የት አለ? የለም። እኛ ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አደረግን። ቤቱን ደፈንነው፣ ሙጫውን አበዛነው። ብሎኬት፣ ልስን፣ ጎማ ያለው የአሉሚኒየም መስኮት። ውስጡ ቺፑድ፣ የፒቪሲ ወለል፣ ፎም፣ ሲሊኮን።

አረንጓዴ ሕንፃ ስንል ደግሞ ሶላር፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ሰፊ መስኮት እናስባለን። ሁሉም ደስ ይላል። የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው አይኤፍሲ ያዘጋጀው ኤጅ የሚባለው ማረጋገጫ በዋናነት የሚያየው ኃይል፣ ውሃና የግንባታ ዕቃ ነው። ሊድ የተባለው የአሜሪካኖቹ ማረጋገጫ ግን ዝቅተኛ ልቀት ስላላቸው ማጣበቂያዎች፣ ቀለሞችና ቦርዶች የራሱ ክፍል አለው። ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሠራተኛው ዓይኑ የሚያለቅስ ከሆነ ያ ሕንፃ ለሠራተኛው አረንጓዴ አይደለም። ውስጡ ያለው ሰው ሳንባ ይቆጠር።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ለየትኛው ሥራ የትኛውን?

የመጀመሪያው ምርጫ ሙጫ አለመጠቀም ነው። የማይለቅ ሙጫ ብላችሁ ስትፈልጉ ሚስማሩን አትርሱት። ዞኮሎ በሚስማር ወይም በብሎን ይያዛል። ጂፕሰም ቦርድ በብሎን ይያዛል። እርስ በርሱ የሚቆላለፍ ፓርኬ ያለ ሙጫ ይነጠፋል። የውሃ መስመራችሁ ፒፒአር ከሆነ ቧንቧ ሠራተኛው በሙቀት ያጣብቀዋል፤ ሙጫ የለውም። የፍሳሽ ፒቪሲውም ቢሆን የጎማ ቀለበት ያለው መጋጠሚያ ይገኛል። የፒቪሲ ቱቦ ማጣበቂያ እጅግ ተናኝ ከሆኑት አንዱ ነው፤ የግድ ከሆነ በትንሹ፣ ክፍት ቦታ ላይ።

ሴራሚክ ላይ ዕድለኞች ነን። በዱቄት የሚመጣው፣ በውሃ የሚቦካው የሴራሚክ ማጣበቂያ መሠረቱ ሲሚንቶ ነው፤ የሚተን ፈሳሽ የለውም። አቧራው ግን ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ ሲቦካ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። በዚህ አልፋለሁ።

እንጨት ከእንጨት? ነጩ ኮላ። በጅማ ሱቅ ሁሉ አለ። በውሃ የተሠራ ነው፣ ሽታው ትንሽ ነው፣ በማሰሪያ አጥብቃችሁ ካደራችሁት ከእንጨቱ በላይ ይጠነክራል። ችግሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። በክረምት ደግሞ አየሩ እርጥብ ስለሆነ መድረቂያው ይረዝማል። አናጺው ማስቲሽን የሚወደው ቶሎ ስለሚይዝለት ነው። እንዲቸኩል የምናደርገው ደግሞ እኛ ነን። «ነገ አድርስልኝ» እያልን ኮላ ተጠቀም ማለት አንችልም።

ፎርማይካውስ? እዚህ ላይ ነው ትግሉ። በውሃ የተሠራ ኮንታክት ማጣበቂያ፣ ማለትም እንደ ማስቲሹ ሁለቱም ፊት ተቀብቶ የሚያያዝ፣ በዓለም ገበያ አለ፤ በኛ ገበያ ሁልጊዜ አይገኝም። ካልተገኘ ፎርማይካውን በኮላና በመጭመቂያ መለጠፍ ይቻላል። ጠፍጣፋ ለሆነ ሥራ ያምራል። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ፊቱ ፋብሪካ ውስጥ የተለበጠ ቦርድ ገዝቶ ጠርዙን በማሽን ኤጂንግ ማስደረግ ነው። የኤጂንጉ ሙጫ በሙቀት ቀልጦ የሚለጥፍ ነው፤ የሚተን ፈሳሽ የለውም።

ፒቪሲ ወለል ላይ ጅማን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሊሾው ሳይደርቅ ከለጠፋችሁ፣ የፈለጋችሁትን ውድ ሙጫ ብትገዙ ትከስራላችሁ። የሲሚንቶው እርጥበት እንደ ኖራ ውሃ የሚበላ ነው፤ ሙጫውንና የፒቪሲውን ማለስለሻ ያፈርሳል። ከዚያ ከወለሉ ሥር ለዓመታት የማይለቅ ደስ የማይል ሽታ ይወጣል። ፍተሻው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፉ፤ ጠርዙን በፕላስተር አሽጉ፤ ቢያንስ 16 ሰዓት ተዉት። ስታነሱት ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ጠብቁ። በሐምሌ ሊሾ አፍስሶ በነሐሴ ፒቪሲ መለጠፍ እዚህ ከተማ ውስጥ አይሠራም።

ማሸጊያ ላይ ልምጣ። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። ሽታው ያስቸግራል እንጂ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ግን ዕብነ በረድና ብረት ይጎዳል። ለመስታወትና ለሴራሚክ ይሁን። ለሌላው ኒውትራል የሚባለውን፣ ሲደርቅ አሲድ የማይለቀውን ሲሊኮን፣ ጠይቁ። ለጂፕሰም ስንጥቅ፣ ለበርና መስኮት ፍሬም ጠርዝ ደግሞ በውሃ የሚታጠበው አክሪሊክ ይበቃል፤ ቀለምም ይቀበላል። ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም። ውጪ ለሚንቀሳቀስ ክፍተት ሃይብሪድ ወይም ኤምኤስ ፖሊመር የሚባሉት ካገኛችሁ ጥሩ ናቸው፤ አይሶሳያኔት የላቸውም።

ስለ አይሶሳያኔት ግን ዝም ብዬ አላልፍም። በበር ፍሬም ዙሪያ የምትነፉት ቢጫው ፎም ፖሊዩሪቴን ነው። ሲነፋ አይሶሳያኔት አለበት። ይህ ነገር አስም ያመጣል። አንዴ ሰውነት ከተቆጣ ደግሞ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል፤ ሰውየው ያንን ሥራ ለዘለቄታው ሊተው ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ እነዚህን ምርቶች በሥራው የሚጠቀም ሰው ሥልጠና መውሰድ ግዴታው ነው። እኛ ጋ ፎሙን የሚነፋው ማን ነው? ያው ሱቅ የተላከው ልጅ። ጓንት ስጡት። መስኮት ክፈቱለት። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ በሲሚንቶ ልስን ድፈኑት፤ ፎም አያስፈልገውም።

ጣሳውን እንዴት እናንብብ? ሁለት ዓይነት መለኪያ አለ፤ ሰዎች ያምታቱታል። አንደኛው ጣሳው ውስጥ በ1 ሊትር ስንት ግራም ተናኝ ኬሚካል አለ የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ቪ፣ ኦ፣ ሲ ተብሎ ይጻፋል። የሚታወቀው ሕግ የሎስ አንጀለስ አካባቢ የአየር ጥራት ባለሥልጣን ያወጣው ደንብ 1168 ነው። ለኮንታክት ማጣበቂያ 80 ግራም፣ ለሴራሚክ ማጣበቂያ 65 ግራም ይላል። ይህ ሕግ ግን መጀመሪያ የወጣው ለከተማው ጭጋግ እንጂ ለመኝታ ቤት አይደለም። ስለዚህ አሴቶን አይቆጠርም፤ ጭጋግ በመፍጠር በኩል ድርሻው እዚህ ግባ አይባልምና። ጣሳው «ዝቅተኛ» ብሎ ውስጡ በአሴቶን የተሞላ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መለኪያ ክፍል ውስጥ የሚወጣውን የሚለካው ነው። ምርቱን አየር በልክ በሚለዋወጥበት የፍተሻ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ከ3 ቀንና ከ28 ቀን በኋላ አየሩን ይለካሉ። የጀርመኖቹ ኤሚኮድ እንደዚህ ነው። ኢሲ 1 ፕላስ የሚለው ምልክት ከተሰጠው፣ ከ28 ቀን በኋላ በ1 ኪዩብ ሜትር አየር የተገኘው ጠቅላላ ተናኝ ኬሚካል ከ60 ማይክሮግራም አይበልጥም። ኢሲ 1 እስከ 100፣ ኢሲ 2 እስከ 300 ይፈቅዳል። ፈረንሳዮች ደግሞ ከኤ ፕላስ እስከ ሲ ምልክት እንዲለጠፍ በሕግ አስገድደዋል። ለቤት ውስጥ እኔ የማምነው ይህን ሁለተኛውን ነው። በዚህ ከተማ ቢያንስ አንዳንድ ከአውሮፓ የመጡ የሲሊኮን ቱቦዎች ላይ ምልክቶቹን አይቻለሁ። ሱቅ ስትገቡ ቱቦውን አገላብጡት። ቅጠል የተሳለበት ሁሉ አረንጓዴ አይደለም፤ ቁጥሩን ወይም ምልክቱን ፈልጉ።

ቦርድ ላይ ኢ 1 ወይም ኢ 0 የሚለውን ፈልጉ። ኢ 1 ማለት በፍተሻው ክፍል በ1 ኪዩብ ሜትር አየር ውስጥ ከ0.124 ሚሊግራም ያልበለጠ ፎርማልዲሃይድ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2026 ጀምሮ እንዲሠራበት የወሰነው የቤት ዕቃ ልክ ግን 0.062 ነው፤ ግማሹ። አሮጌው ልክ በቂ አልነበረም ማለት ነው። ምንም ምልክት የሌለው ቦርድ ለመኝታ ቤት አትግዙ። ከአቅም በላይ ከሆነ መኝታ ቤቱን በጣውላ፣ ሌላውን በቺፑድ አድርጉት። ገንዘባችሁን ሰው ስምንት ሰዓት የሚተኛበት ክፍል ላይ አውሉት።

ሦስተኛው፣ ውሉ። ይህ አጭር ነው፤ ግን ከሁሉም የምወደው ነው። ባለቤቶች፣ ውላችሁ ላይ «ፊኒሺንግ ሥራ» ብላችሁ አትለፉት። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ። ማጣበቂያና ማሸጊያ በሥራ ቦታው ላይ ከመከፈቱ በፊት ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ጣሳውን አይቶ ይፈርማል። እንጨት ለእንጨት በኮላ ይሠራል። የቺፑድ ጠርዝ፣ የማይታየውም ጭምር፣ ይደፈናል። ማስቲሽ የግድ ከሆነ ክፍት ቦታ ላይ ተቀብቶ ይመጣል። በማስቲሽ ላይ ቤንዚን አይጨመርም። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ብዙ ነገር ታስተካክላለች። ባለሙያው ቀደም ብሎ ይጨርሳል።

ስንት ቀን ይናፈስ? ሊድ ውስጥ ያለውን ስሌት ወደኛ ልመልሰው። ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ4,200 ኪዩብ ሜትር በላይ ንጹሕ አየር ይለፍ ይላል። 20 ካሬ ሜትር ክፍል ውሰዱ፤ ከፍታው 2.80። ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር 56 ኪዩብ ሜትር ነው። ማለፍ ያለበት ከ84,000 ይበልጣል። አየሩ ከ1,500 ጊዜ በላይ ይለወጥ ማለት ነው። ትይዩ መስኮቶች ተከፍተው በሰዓት አምስት ጊዜ ቢለወጥ 300 ሰዓት ይፈጃል። ቀንና ሌሊት ከሆነ ሁለት ሳምንት ገደማ። ሌሊት ግን ሌባ አለ፣ ዝናብ አለ፤ መስኮት እንዘጋለን። ስለዚህ አንድ ወር ያዙ። ሠርግ ካለ ቁም ሣጥኑ ከሠርጉ አንድ ወር በፊት ይግባ። ማናፈሱ በበጋ ይሻላል፤ ከጥቅምት በኋላ ፀሐዩም፣ ነፋሱም ያግዛችኋል።

ባለሱቆች፣ ከእናንተ መካከል የመጣችሁ ካላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። «የሚሸጠው እሱ ብቻ ነው» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው የማይመጣው። ዛሬ እዚህ ያለው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እየመጣ ኢሲ 1 አለ ወይ፣ ኒውትራል አለ ወይ፣ ኢ 0 ቦርድ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃችሁ። ደጋግሞ ይጠይቃችሁ። እናንተም አዲስ አበባ ያለውን አቅራቢያችሁን ጠይቁ። ወጣት አናጺዎች፣ እናንተ ደግሞ ማጣበቁን ወደ በረንዳ አውጡት። ይህን ለማድረግ ማንንም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነገ ጠዋት ማድረግ ትችላላችሁ።

ያነበብኩላችሁን የውል ዓረፍተ ነገሮች አባዝቼ አምጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አለ። ባዶ ጣሳዎችና ቱቦዎችም አሉ፤ ምልክቶቹ የት እንደሚጻፉ አገላብጣችሁ እዩ። አሁን ጥያቄ እንቀበል። ከኋላ ያለሽው እህቴ፣ ስለ ሊሾው ሳወራ እጅሽን አንስተሽ ነበር፤ ካንቺ እንጀምር።